የሳልመን ጫጩት የምትመስል ፍላይ እንዴት እንደምትታሰር፦ ለትራውትና ለስቲልሄድ

ፌብሩዋሪ ባለቀ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ "ያቺ ትንሽ ብርማ አሳ የምትመስለው ፍላይ እንዴት ነው የምትታሰረው?" ለአንዱ በስልክ ለሌላው በቴሌግራም እየቆራረጥኩ ከማስረዳ ሙሉውን ከነምክንያቱ እዚ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ፍላይ ማለት መንጠቆ ላይ ፀጉርና ክር ታስሮ የሚሰራ የአሳ ማታለያ ነው፣ በዚች የምናጠምደው ትራውትንና ስቲልሄድን ነው፣ ስቲልሄድ ማለት ወደ ባህር ወርዶ የሚመለሰው ሬንቦው ትራውት ነው። በተለይ ሲያትልና ዙሪያዋ ላላችሁ፣ ፒዩጀት ሳውንድ የሚባለው የባህር ወሽመጥ ዳር ወይ ስካጂትና ስካይኮሚሽ ወንዝ ላይ ለምታጠምዱ ነው የምጽፈው፣ አላስካ የምትሄዱም ትጠቀሙበታላችሁ። ፍላይ አስራችሁ የማታውቁ ብትሆኑም ችግር የለም፣ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ ይሄን ብቻ ያዙ። የሳልመን ጫጩት ውሃ ውስጥ ስትታይ ቀጭን ናት፣ ሆዷ ነጣ ያለ ነው፣ ዓይኗ ደግሞ ከሰውነቷ ጋር ሲተያይ በጣም ትልቅ ነው። ፍላያችሁ እነዚህን ሶስቱን ካሟላች ትይዛለች። ብዙ ሰው ፀጉሩንና ብልጭልጩን ያበዛና ሌላ አሳ ይሰራል፣ እዚ ጽሁፍ ውስጥ "ቀንሱ" የምትል ቃል ደጋግማችሁ የምታዩትም ለዛ ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛዋን ጫጩት ነው የምታስሩት?

ሳልመን ከእንቁላል እስከ ባህር ድረስ መልኩን እየቀያየረ ነው የሚያድገው፣ እናንተ የምታስሩት ደግሞ በዛ ሳምንት ውሃው ውስጥ ያለችውን ነው። ትራውት በብዛት የሚያልፍለትን ምግብ ለይቶ ሲበላ ሌላውን ዞር ብሎ ላያየው ይችላል፣ ስለዚህ መጠኗን መሳት ትልቅ ጉዳት አለው።

አለቪን የምትባለው ከእንቁላል ገና የወጣችዋ ናት። ርዝመቷ 2 ሴንቲሜትር ከምናምን ነው፣ ሆዷ ስር ብርቱካናማ የአስኳል ከረጢት አንጠልጥላ ጠጠር ውስጥ ተደብቃ ትቆያለች። ወንዙ ሲሞላና ጠጠሩ ሲነቃነቅ ተጠርጋ ትወጣለች፣ ያኔ ነው ትራውቱ የሚለቅማት። ጊዜዋ የዊንተር መጨረሻ አካባቢ ነው።

ፍራይ አስኳሏን ጨርሳ ከጠጠሩ የወጣችዋ ናት፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር። ከማርች እስከ ሜይ በብዛት የምታገኟት እሷን ነው፣ ይሄ መመሪያም በዋናነት ስለሷ ነው። ፒንክና ቸም የሚባሉት የሳልመን አይነቶች ጫጩታቸው ከጠጠር እንደወጣች ወንዝ ውስጥ አትከርምም፣ ወዲያው ወደ ባህር ትወርዳለች፣ አብዛኛውን ጊዜም በሌሊት ነው የምትጓዘው። ለዛ ነው የወንዝ አፍ ላይ ጎህ ሲቀድ ማጥመድ የሚሻለው። ፒንኳ ጎኗ ላይ ምንም ምልክት የላትም፣ ጀርባዋ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይወስደዋል፣ ጎኗ ብር ነው። ቸሟ ግን ጀርባዋ አረንጓዴ ሆኖ ጎኗ ላይ አጫጭር ደብዘዝ ያሉ ምልክቶች አሏት።

እዚ ጋ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ፣ ፒዩጀት ሳውንድ ውስጥ ፒንክ ሳልመን በብዛት የሚገባው በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ነው፣ ማለት 2023፣ 2025 እንዲህ እያለ። ስለዚህ የፒንክ ጫጩት የሚወርደው በቀጣዩ ሙሉ ቁጥር ዓመት ስፕሪንግ ላይ ነው፣ 2024፣ 2026። በነዛ ዓመታት ሰማያዊ አረንጓዴ ጀርባ ያላትን አብዝታችሁ እሰሩ፣ በሌላው ዓመት የቸሟን።

ስሞልት ትልቋ ናት። ኮሆ የምትባለው ሳልመን ለምሳሌ ብዙ ጊዜ ዓመት ያህል ወንዝ ውስጥ ትቆያለች፣ በዚህ ጊዜ ጎኗ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጥቋቁር መስመሮች አሏት፣ ፓር ማርክ ይባላሉ። በስፕሪንግ ወደ ባህር ልትወርድ ስትል መስመሮቹ እየደበዘዙ መላ ሰውነቷ ብር ይሆናል። ርዝመቷ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

እነዚህን የሚበሉት ፒዩጀት ሳውንድ ዳር የሚንሸራሸረው ካትስሮት ትራውት፣ ሬንቦው ትራውት፣ ቡል ትራውትና ዶሊ ቫርደን ናቸው። ስቲልሄድ ትንሽ ለየት ይላል። ከባህር ተመልሶ ወንዝ የገባ ትልቅ ስቲልሄድ ብዙም አይበላም፣ ግን ፊቱ የምታልፍ ትንሽ አሳ ላይ ይወረወራል። እንቁላሉን ጥሎ ወደ ባህር የሚመለሰው ደግሞ እየበላ ነው የሚወርደው፣ እሱን ስትይዙ አሳው የደከመ መሆኑን አስቡና ቶሎ ልቀቁት።

የሚያስፈልጉ እቃዎች

መሳሪያ፦
- የፍላይ ሞርሳ፣ መንጠቆውን አንቆ የሚይዘው
- ቦቢን፣ ክሩን ወጥሮ የሚይዘው
- ጫፉ ሹል የሆነ ትንሽ መቀስ፣ ብርማ ነገር መቁረጫ ደግሞ ሌላ አሮጌ መቀስ
- ወፈር ያለ መርፌ
- ዊፕ ፊኒሽ መሳሪያ፣ የመጨረሻውን ቋጠሮ የሚሰራው
- ጥርሱ ጠባብ የሆነ ማበጠሪያ
- ትንሽ ፒንሳ
- ዩቪ ሬዚን፣ ማለትም በዩቪ ብርሃን የሚደርቅ ፈሳሽ መሸፈኛ፣ እና የዩቪ ባትሪ። ከሌላችሁ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይሰራል፣ ግን ሁለት ሶስት ጊዜ እየደረቀ መደራረብ አለበት

ለፍራይዋ፦
- ቁጥር 8 መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)፣ ዘንጉ ከመደበኛው 2 ኤክስ ወይ 3 ኤክስ ረዘም ያለ። ለባህር ከሆነ የማይዝግ
- ነጭ ክር፣ ውፍረቱ 6/0 ወይም 140 ዲኒየር የሚለው
- ጠፍጣፋ ብርማ ቲንሰል፣ ማለትም የሚያብለጨልጭ ስስ ጥብጣብ
- በጣም ቀጭን ብርማ ሽቦ
- ነጭ በክቴል፣ ማለትም የአጋዘን ጭራ ፀጉር፣ ወይ ነጭ ክራፍት ፈር የሚባል ሰው ሰራሽ ፀጉር
- ኦሊቭ (የወይራ አረንጓዴ) ወይም ሰማያዊ አረንጓዴ ፀጉር ለጀርባዋ
- ፐርል ክሪስታል ፍላሽ፣ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ክር ነው
- ሁለት ዘለላ የፒኮክ ላባ
- ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ተለጣፊ ዓይን፣ ዙሪያው ብር መሃሉ ጥቁር
- ቀይ ክር፣ ግራጫና ኦሊቭ ፐርማነንት ማርከር፣ ሱፐር ግሉ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታስሩ ከሆነ በበክቴል ጀምሩ፣ ክራፍት ፈር ውሃ ውስጥ የበለጠ ይንቀሳቀሳል ግን ለስላሳ ስለሆነ እጅ ላይ ያስቸግራል፣ መንጠቆው ላይም ይጠመጠማል። ክሩ ነጭ ይሁን ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ፀጉሩ ሲርስ ብርሃን ያስተላልፋል፣ ጥቁር ክር ካደረጋችሁ ከስር ጥቁር ሆኖ ይታይና ፍላይዋን ያጠቁራታል።

ከመጀመራችሁ በፊት ጥንቃቄ

የዩቪ ባትሪውን ዓይን ውስጥ አታብሩ፣ የሚያበራውን ጫፍም አፍጥጣችሁ አትዩ። ሬዚኑ ቆዳ ላይ ከነካችሁ ሳይደርቅ ታጠቡ፣ አንዳንዱን ሰው ያሳክከዋል፣ ሱፐር ግሉና ሬዚን ስትጠቀሙ ደግሞ መስኮት ይከፈት። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ምንጣፍ ላይ አትስሩ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ወይ ትሪ ዘርጉ፣ የወደቀች መንጠቆ ምንጣፍ ውስጥ ገብታ የምትገኘው በእግር ነው።

ላባ ላይም ተጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ መሬት ላይ ወድቆ ያገኛችሁትን የዱር ወፍ ላባ አንስቶ መያዝ በአብዛኛው ክልክል ነው፣ ተሰዳጅ ወፎችን የሚጠብቅ የፌደራል ህግ አለ። የድሮ የአሰራር ዝርዝሮች ላይ የዋልታ ድብ ፀጉር የሚል ብታዩም አትፈልጉት፣ ከ1972 ጀምሮ የባህር አጥቢ እንስሳትን የሚጠብቀው ህግ ሽያጩን ከልክሏል፣ ክራፍት ፈር ይተካዋል። ከሱቅ የገዛችሁትን ብቻ ተጠቀሙ።

ፍራይዋ፣ ደረጃ በደረጃ

1. የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቁት። ጫፉ አጠገብ ወደኋላ የምትወጣውን ሹል ማለቴ ነው። ይሄ ማሰር ሳይጀመር ነው የሚደረገው፣ ምክንያቱም ስትጨፈልቁት መንጠቆው ሊሰበር ይችላል፣ የሚሰበር ከሆነ ግማሽ ሰዓት የለፋችሁበት ፍላይ ላይ ሳይሆን ባዶው ላይ ይሰበር። ዋሽንግተን ውስጥ ብዙ ውሃ ላይ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ግዴታ ነው፣ ግዴታ ባልሆነበትም አሳው ሳይጎዳ ይለቀቃል።

2. ሞርሳው ላይ እሰሩት። መታጠፊያውን አስይዙ፣ ዘንጉ አግድም ቀጥ ይበል። የማጥመጃው ክር የሚታሰርበት ቀዳዳ ጋ በጣታችሁ ወደ ታች ጫን አድርጉት፣ ትንሽ ተለምጦ መመለስ አለበት። ከተንሸራተተ አጥብቁት። እዚ ጋ የላላ መንጠቆ በኋላ ክሩን ስትወጥሩ ይዞርና የሰራችሁት ሁሉ ይጣመማል።

3. ክር አልብሱት፣ ሽቦውንም አብራችሁ። ከቀዳዳው 3 ሚሊሜትር ያህል ወደኋላ ትታችሁ ጀምሩ። ይቺን 3 ሚሊሜትር እንዳትነኳት፣ ጭንቅላቷና ዓይኗ የሚቀመጡት እዛ ነው። ሽቦውን ከዘንጉ ስር አስተኝታችሁ ክሩን ጎን ለጎን እያስጠጋችሁ እስከ መታጠፊያው ጠምጥሙ፣ ሽቦው እዛ ተንጠልጥሎ ይቅር፣ ክሩን ወደ ፊት መልሱት። ክር የሌለበት ብረት ላይ ቲንሰል ይንሸራተታል፣ ጉብጉብ ያለ ክር ላይ ደግሞ ቲንሰሉ ጉብጉብ ይላል፣ ስለዚህ ለስላሳ ይሁን።

4. ቲንሰሉን ከፊት ጀምራችሁ ወደኋላ፣ ከዛ መልሳችሁ ወደፊት ጠምጥሙ። ብዙ ሰው ከኋላ አስሮ ወደ ፊት አንዴ ብቻ ይጠመጥማል። ያኔ ኋላ ጋ እብጠት ይፈጠራል፣ ቲንሰሉም መሃል መሃሉ ላይ ክፍተት ይተዋል። ደርባችሁ ከጠመጠማችሁት ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ክፍተት ይሸፍናል። አንዳንዱ ቲንሰል በአንድ ጎኑ ወርቅ በሌላው ብር ስለሆነ የመጀመሪያው ዙር ላይ የትኛው እንደወጣ እዩ፣ ወርቁ ከወጣ ፍቱና ገልብጡት።

5. ሽቦውን በተቃራኒ አቅጣጫ 5 ዙር ያህል አራርቃችሁ ወደ ፊት አምጡት። የትራውት ጥርስ ትንሽ ቢሆንም ስለታም ነው፣ ሁለት አሳ ከያዘች በኋላ ቲንሰሉ ይቆረጣል። ሽቦው በተቃራኒ ሲሄድ ቲንሰሉን ያቋርጠዋል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ቢቆረጥ እንኳን ሁሉም አይፈታም። በአንድ አቅጣጫ ከጠመጠማችሁት ሁለቱ ዙሮች መሃል ገብቶ ይደበቃል፣ ምንም አይጠብቅም። ሽቦውን በአሮጌው መቀስ ቁረጡ።

6. የሆዷን ነጭ ፀጉር አዘጋጁ። ፍላይዋ የምትሰምረውም የምትበላሸውም እዚ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። በክቴሉን ከጭራው የላይኛው ክፍል፣ ከጫፉ በኩል ቁረጡ። ከግርጌው ያለው ፀጉር ውስጡ ክፍት ስለሆነ ክር ሲያጠብቀው እንደ መጥረጊያ ይበተናል፣ ጫፉ ጋ ያለው ግን ጠንከር ያለ ነው፣ ተኝቶ ይታሰራል። ፀጉሩን ጫፉን ይዛችሁ ከስሩ በኩል አበጥሩት፣ አጫጭሩና ብናኙ ይውጣ። ያ ብናኝ ከቀረ ጭንቅላቷን ያወፍረዋል፣ ቋጠሮውም ይላላል። ከዛ ቀንሱ። የሚበቃችሁ ከ15 እስከ 20 ፀጉር ነው። ደርቆ ስታዩት "ይሄማ ምንም አይደለም" ትላላችሁ፣ ሲርስ ግን ልክ ይሆናል። ጫፉን በመቀስ አስተካክላችሁ እንዳትቆርጡት፣ አንዱ ረዘም አንዱ አጠር ሲል ነው ወደ ጭራዋ እየሳሳ የሚሄደው፣ በመቀስ የተቆረጠ ጫፍ ውሃ ውስጥ ድንገት ያልቅና አሳ አይመስልም።

7. ከዘንጉ ስር እሰሩት። ሞርሳችሁ የሚዞር ከሆነ ገልብጡት፣ የማይዞር ከሆነ መንጠቆውን አውጥታችሁ ገልብጣችሁ አስገቡት። ፀጉሩ ከመታጠፊያው በ1 ሴንቲሜትር ይለፍ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ከረዘመ ሁለት ነገር ይሆናል፣ ስትወረውሩት መንጠቆው ላይ ይጠመጠማል፣ ትራውቱም ከኋላ ጫፏን ብቻ ነክሶ ያመልጣል። መጀመሪያ ሁለት ዙር ላላ አድርጋችሁ፣ ከዛ ሶስተኛውን ወደ ታች ጎትታችሁ አጥብቁ። የመጀመሪያውን ዙር ካጠበቃችሁት ፀጉሩ ከክሩ ጋር አብሮ ዘንጉን ይዞራል። ትርፉን ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጭንቅላቷ ቀስ እያለ ይሹል።

8. ብልጭልጭ፦ ሁለት ክር ብቻ። አንድ ረጅም የክሪስታል ፍላሽ ክር ክሩ ላይ አጥፋችሁ አንዱን በግራ ጎኗ አንዱን በቀኝ አስተኙት። ከፀጉሩ ትንሽ ያጠሩ ይሁኑ። ከዛ በላይ አትጨምሩ፣ በጠራ ውሃና በጸሀይ ቀን ብልጭታ የበዛባት ፍላይ አሳውን ታስደነግጣለች። ውሃው የደፈረሰ ቀን ብቻ አራት ብታደርጉት ይሄዳል።

9. ጀርባዋ። ሞርሳውን መልሱና ከላይ 10 ያህል ኦሊቭ ወይ ሰማያዊ አረንጓዴ ፀጉር በተመሳሳይ መንገድ እሰሩ፣ እሱ ላይ ሁለቱን የፒኮክ ዘለላ ደርቡ። ሆዷና ጀርባዋ አንድ ላይ ተጨብጠው ሲያዙ ከክብሪት እንጨት የማይወፍሩ ይሁኑ። ጀርባዋ የጠቆረው ሆዷ የነጣው ለመልክ ብቻ ሳይሆን አሳ ውሃ ውስጥ የሚደበቀው በዚህ መንገድ ስለሆነ ነው፣ ቀለሞቹ ከተቀላቀሉ ይሄ ልዩነት ይጠፋል፣ ስለዚህ የላይኛው ፀጉር ወደ ጎን እንዳይወርድ በግራ እጃችሁ ጣቶች ቆንጥጣችሁ ያዙት።

10. ጉሮሮዋ ላይ ቀይ። በቀይ ክር ሁለት ሶስት ዙር ብቻ፣ ልክ ከዓይኗ ቦታ ኋላ። የጫጩቷ ስንጥብ፣ የምትተነፍስበት ማለቴ ነው፣ ቀይ ሆኖ ይታያል፣ እሱን ነው የምናስመስለው። ከሶስት ዙር በላይ ከሆነ ቀዩ ሁሉን ይበልጣል።

11. ጭንቅላቷን ጨርሱ። በነጩ ክር አሹሉት፣ ግራና ቀኙ ጠፍጠፍ ያለ ይሁን፣ ድቡልቡል ላይ ዓይኑ አይለጠፍም። በዊፕ ፊኒሽ አራት አምስት ዙር ቋጥሩ፣ ቁረጡ። የላይኛውን ግማሽ በኦሊቭ ማርከር ቀቡ።

12. የጎኗ ምልክት፣ ለቸምና ለኮሆ ብቻ። በግራጫ ማርከር ጎኗ ላይ ስድስት ሰባት አጫጭር ሰረዝ ከላይ ወደ ታች ነካ ነካ አድርጉ። ጥቁር ማርከር አትጠቀሙ፣ ይበዛባታል። ለፒንኳ ይሄን ዝለሉት። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

13. ዓይንና ሬዚን። ዓይኑን በነጥብ ሱፐር ግሉ ለጥፉ፣ ሁለቱም አንድ ከፍታ ላይ መሆናቸውን ከፊት ሆናችሁ እዩ። ከዛ ጭንቅላቷን ከነዓይኗ በስስ ሬዚን ሸፍኑ፣ በመርፌው አዳርሱት። ባትሪውን ከማብራታችሁ በፊት የመንጠቆውን ቀዳዳ ተመልከቱ፣ ሬዚን ከገባበት በመርፌው አጽዱ፣ ከደረቀ በኋላ ወንዝ ዳር ቆማችሁ በቀዝቃዛ ጣት ልታጸዱት አትችሉም። ሞርሳውን እያዞራችሁ ዙሪያውን አብሩበት፣ ጊዜው ሬዚኑ እቃ ላይ የተጻፈው ነው። የሚያጣብቅ ነገር ከቀረ በአልኮል ጠረግ አድርጉት፣ ግን ጭንቅላቷን ብቻ። አልኮሉ ጎኗን ከነካ የማርከሩን ቀለም ያጥበዋል፣ የጥፍር ቀለም ስትጠቀሙም እንደዚሁ ነው፣ አንዱ ሽፋን ሳይደርቅ እንዳትደጋግሙበት፣ በየሽፋኑ አንዴ ብቻ አሳልፉት።

14. ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሞክሯት። ክር አስራችሁ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጎትት ለቀቅ አድርጓት። ፍላይ ስትደርቅና ስትርስ ሁለት የተለያየ ነገር ናት፣ አሳው የሚያየው የራሰችዋን ነው። ከወፈረች ከሆዷ ፀጉር ሁለት ሶስቱን ከስሩ ቁረጡ። ወደ ጎን ከተኛች አንዱ ጎን ፀጉር በዝቶበታል ማለት ነው።

አለቪኗን ለማሰር

እቺ አጭር ናት። ቁጥር 10 ወይ 12 አጭር ዘንግ ያለው መንጠቆ፣ ሰውነቷ ላይ ቲንሰሉ አንድ ዙር ብቻ፣ ጭራዋ ከአምስት ስድስት የማይበልጥ ነጭ ወይ ቢዥ ፀጉር፣ ጀርባ የላትም ማለት ይቻላል ምክንያቱም አለቪን ገና ቀለም ስላልያዘች ብርሃን ያሳልፍባታል። ዋናው ነገር አስኳሏ ነው። ከጉሮሮዋ ስር ብርቱካናማ የእንቁላል ክር፣ ሱቅ ውስጥ ኤግ ያርን የሚሉት፣ አስራችሁ ወደ 4 ሚሊሜትር እስኪቀር ከርክሙት። ብርቱካናማ ሬዚን ካላችሁ ደግሞ ከስሯ በጠብታ አንጠልጥላችሁ አድርቁት፣ ይሄኛው ያምራል፣ ሳይወልቅም ይቆያል። ዓይኗ 2 ሚሊሜትር ይሁን። አስኳሉን ከሆዷ መሃል አታድርጉት፣ ከጭንቅላቷ ቀጥሎ ነው ቦታው፣ ወደኋላ ከሄደ ፍላይዋ ሚዛን ይስታትና ትገለበጣለች።

ስሞልቷን ለማሰር

መጠኗ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ስለሆነ ረጅም ዘንግ ባለው አንድ መንጠቆ ላይ እንሰራት የሚል ሀሳብ ይመጣል። አታድርጉት። ረጅም ዘንግ ስቲልሄድን ለሚያህል አሳ መፈንቀያ ይሆነዋል፣ ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ መንጠቆው ይወልቃል። የሚሻለው ከፊት ያለው ዘንግ መንጠቆውን ቆርጣችሁ ባዶ እንዲቀር አድርጋችሁ፣ ከኋላ በጠንካራ የተገመደ ክር ሉፕ (ቀለበት) ላይ ቁጥር 2 ወይ 4 አጭር መንጠቆ ማንጠልጠል ነው። ሉፑን ዘንጉ ላይ ሙሉውን ርዝመት ጠምጥማችሁ በሱፐር ግሉ አጥብቁት፣ አሳው የሚጎትተው እሱን ስለሆነ ጫፉ ላይ ብቻ ከታሰረ ሾልኮ ይወጣል። ፀጉሩን ሶስት ቦታ ላይ ከፋፍላችሁ እሰሩ፣ ከኋላ ትንሽ፣ መሃል ትንሽ፣ ፊት ጋ ትንሽ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ረጅም ፀጉር ካሰራችሁ መንጠቆው ላይ ይጠመጠማል። ብልጭልጩ እዚ ላይ አምስት ስድስት ክር ቢሆን አይበዛም፣ ስሞልት እውነትም ብር ናት። ጎኗ ላይ ምልክት አያስፈልግም። ክብደት ካስፈለጋችሁ ከሊድ ነጻ የሆነ ሽቦ ተጠቀሙ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ፎቶ ትልኩልኛላችሁ፣ ከአስሩ ዘጠኙ ላይ ማለት ይቻላል ችግሩ የፀጉር ብዛት ነው። እጅጉን የሳሳች የመሰለቻችሁ ፍላይ ትክክለኛዋ ናት። ሁለተኛው ጭንቅላቷ እስከ ቀዳዳው ድረስ መጨናነቁ ነው፣ ያቺን 3 ሚሊሜትር ገና ደረጃ 3 ላይ ካልተዋችኋት በኋላ ልታገኟት አትችሉም፣ ፈትቶ መጀመር ነው። ሶስተኛው ትንሽ ዓይን ነው፣ "ፍላይዋ ትንሽ ስለሆነች ዓይኗም ይነስ" ማለት ልክ ይመስላል ግን የጫጩት ዓይን ትልቅ ነው። ክሩን አላልቶ መጠምጠምም አለ፣ ክሩ ሊበጠስ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ መወጠር አለበት፣ ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ ባዶ መንጠቆ ላይ አንድ ሁለቴ ሆን ብላችሁ በጥሱት።

ፍላይዋ ጥሩ ሆና አሳ የማይነካት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መጠኗን ቀይሩ፣ ከዛ የምትጎትቱበትን ፍጥነት፣ ቀለሟን መጨረሻ ላይ።

ውሃ ላይ ስታወርዷት

ባህር ዳር ከሆናችሁ ጫጩቶቹ መንጋ ሆነው ከዳር ከጉልበት በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ሩቅ መወርወር አያስፈልግም፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ ወርውሩ፣ አጭር አጭር እያደረጋችሁ ጎትቱ፣ አቁሙ፣ እንደገና። ብዙ ጊዜ የምትነከሰው ስትቆም ነው። ወንዝ ላይ ፈጣኑ ውሃና ዝግተኛው የሚገናኙበት መስመር ላይ አውርዷት፣ ጫጩት ፈጣን ውሃ ላይ መቆም አትችልም፣ ትራውቱም እዛው ጠርዝ ላይ ነው የሚጠብቃት። ከማጥመጃው ክር ጋር ስታስሯት በሉፕ ቋጠሮ እሰሩ፣ ጥብቅ ቋጠሮ ትንሽ ፍላይን እንዳትንቀሳቀስ ያደርጋታል፣ በሉፕ ግን እንደልቧ ትወዛወዛለች። ለካትስሮት ከ6 እስከ 8 ፓውንድ፣ ለስቲልሄድ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ የሚችል ክር ይበቃል።

ወንዝ ውስጥ ስትገቡ የምትረግጡትን እዩ። ጸድቶ ፈካ ያለ፣ ጎድጎድ ያለ ጠጠር ካያችሁ እንቁላል ወይ አለቪን ከስሩ ሊኖር ይችላል፣ ዞራችሁ እለፉ። በሰሜን ሲያትል ካርኪክ ፓርክ ውስጥ ፓይፐርስ ክሪክ ላይ ኖቬምበር አካባቢ ቸም ሳልመን ሲገቡ ማየት ይቻላል፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠጠሩን እንዴት እንደሚቆፍሩት ከዳር ሆናችሁ ተመልከቱ፣ ከዛ በኋላ የትም ወንዝ ላይ ብታዩት ታውቁታላችሁ።

ህጉን በየወቅቱ ከዋሽንግተን የአሳና የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት ዌብሳይት ላይ እዩ፣ ወንዝ ሳይታሰብ ሊዘጋ ይችላል። የፒዩጀት ሳውንድ የዱር ስቲልሄድ ከ2007 ጀምሮ፣ ቡል ትራውት ደግሞ ከ1999 ጀምሮ በፌደራል ህግ የመጥፋት ስጋት ያለባቸው ተብለው ተመዝግበዋል። የዱሩን ስቲልሄድ በማራቢያ ካደገው የምትለዩት ከጀርባው ኋላ፣ ጭራው አጠገብ ባለችው ትንሽ ለስላሳ ክንፍ ነው፣ የማራቢያው ትቆረጥበታለች። ክንፏ ካለች የዱር ነው፣ ይለቀቃል፣ ሲለቀቅም ለፎቶ ብላችሁ ከውሃ ሙሉ በሙሉ አታውጡት፣ ወንዝ ላይ እሱም ክልክል ነው። መረቡ ውሃ ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን በፒንሳ ንቀሉ፣ ጥርሱን ስለጨፈለቃችሁት በአንዴ ይወጣል።

አገር ቤት ሆናችሁ ባሌ ላይ ትራውት ለምታጠምዱ ደግሞ፣ እዛ ሳልመን ባይኖርም ትራውት ትንንሽ አሳ ይበላልና የፍራይዋን አሰራር እንዳለ ውሰዱት። ጀርባዋን ቡናማ አድርጉ፣ ብልጭልጩን አንድ ክር ብቻ፣ ወንዙ ትንሽ ስለሆነም ቁጥር 10 መንጠቆ ይሻላል።

ከባህር ስትመለሱ የተጠቀማችሁባትን ፍላይ በቧንቧ ውሃ እጠቡና ሙሉ በሙሉ ሳትደርቅ ሳጥን ውስጥ አትመልሷት፣ አንዲት ጨው የነካት እርጥብ ፍላይ የጎረቤቶቿንም መንጠቆ ታዝጋለች፣ የማይዝግ የተባለውም ቢሆን ፀጉሩ ይሸታል። ማታ ሳጥኑን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ፀጉሩን በማበጠሪያው አስተካክላችሁ ዝጉት።